ዕጣ ያወጣው ቤት፣ ታክሲ የተመነው ኪራይ፦ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የጉዳይ ጥናት

የከተማ ኢኮኖሚ የሚያጠኑ ሰዎች አንድ የሚመኙት ነገር አለ። ተመሳሳይ ቤቶችን በከተማው መሀልና ዳር መበተን፣ ከዚያ ነዋሪውን በዕጣ ማስገባት። ያኔ የኪራይ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ክርክር ይቀራል። ቤቱ አንድ ነው፣ ሰዉም በዕጣ የገባ ነው፤ የሚለየው ቦታው ብቻ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሙከራ የሚበቃ በጀት ያለው ዩኒቨርሲቲ የለም። አዲስ አበባ ግን ሳታስበው ሠራችው።

ነገሩ ኮንዶሚኒየም ነው። አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ ገርጂ ላይ የሙከራ ቤቶች ተሠሩ። በ1997 ምዝገባ ሲከፈት 450,000 ገደማ ሰው ተመዘገበ። በ2005 እንደገና ሲከፈት ቁጥሩ 900,000 አለፈ። ሁለት ኮንዶሚኒየም ጠባቂዎች ከተገናኙ ዛሬም መጀመሪያ የሚጠያየቁት «የ97 ነህ የ2005?» ብለው ነው።

ቤቶቹን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። አብዛኞቹ ጂ ፕላስ 4 ናቸው፣ አሳንሰር የላቸውም። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስት መኝታ። ጎተራ ያለውን ባለ ሁለት መኝታና ቱሉ ዲምቱ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ዓይንህን ታስረህ ብትገባባቸው ለመለየት ትቸገራለህ። የመሸጫ ዋጋቸው የሚወጣውም በካሬ ሜትርና በቤቱ ዓይነት እንጂ በሰፈሩ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በአንድ ዙር ዕጣ ወጥቶላቸው ተቀራራቢ ዋጋ ይከፍላሉ፤ አንዱ ወደ ሥራው በእግሩ ይሄዳል፣ ሌላው ሦስት ታክሲ ይቀያይራል። ለሁለቱ የተሰጠው ስጦታ በጣም የተለያየ ነው። ልዩነቱ ግን ውሉ ላይ የትም አልተጻፈም።

መጀመሪያ አካባቢ ብዙዎቹ ሳይቶች ከነባሩ ከተማ ውስጥ ወይም አጠገብ ነበሩ። እየቆየ ግን ግንባታው ወደ ዳር ሸሸ፤ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሀል ከተማ ለመሥራት ነባር ሰፈር ማፍረስ፣ ነዋሪውን ማንሳት፣ ምትክ መስጠት ያስፈልጋል። ዳር ላይ ያለው እርሻ ነበር፤ ለገበሬው ካሳ ከፍሎ ሰፊ መሬት በአንዴ መያዝ ይቻላል። የገበሬውን ድርሻ በሁለት መስመር ማለፍ አግባብ አይደለም፣ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51,229 ቤቶች በዕጣ ሲተላለፉ የኮዬ ፈጬ ጉዳይ በኦሮሚያ ያስነሳው ተቃውሞ ገና አልተረሳም።

በቤት አስተዳደሩ መዝገብ ላይ ዳር ያለው ቤት ርካሽ ነው። መሬቱ በርካሽ ተገኘ፣ ግንባታው በብዛት ተሠራ። ቀሪውን ወጪ የሚከፍለው ነዋሪው ነው፤ በየቀኑ፣ በሳንቲም፣ ለታክሲ ረዳት።

ይህን ወጪ እንዴት እናስላው?

የድሮው ቀመር የዊልያም አሎንሶ፣ የኤድዊን ሚልስና የሪቻርድ ሙት ነው፤ ሦስቱም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጻፉ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራ ሁሉ መሀል ከተማ አለ እንበል። ከመሀል በራቅህ ቁጥር ለመንገድ የምታወጣው ይጨምራል። ይህን የሚያካክስልህ የኪራይ መውረድ ነው። የኪራይና የመንገድ ወጪ ተደምረው የትም ብትኖር አንተን እኩል የሚያስደስቱ እስኪሆኑ ድረስ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ኪራይም ይስተካከላል።

ቀመሩ አዲስ አበባ ሲገባ ወዲያው ይንገዳገዳል። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መሀል ከተማው ውስጥ ኪራያቸው ከስም የማያልፍ የቀበሌ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ብዙ ድሀ ከመርካቶና ከፒያሳ አጠገብ ይኖራል። በዚያ ላይ ቤቱን የሚያድለው ዕጣ ነው፤ «የት ልኑር?» ብሎ የመረጠ ሰው የለም። በወረቀት ካየነው የአሎንሶ ሞዴል እዚህ ሥራ ሊኖረው አይገባም።

ሥራ ያገኘው በጓሮ በር ነው። 20/80 የሚባለው ኮንዶሚኒየም (20 በመቶው ቅድሚያ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈልበት) የደረሰው ሰው ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ግን ይችላል። ይህች አንዲት ቀዳዳ ለቀመሩ በቃችው። ዕጣው ሰዉን በዘፈቀደ በተነው፣ የኪራይ ገበያው ደግሞ መልሶ በየቦታው አስቀመጠው።

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፣ የማንም ደመወዝ አይደሉም። አንዲት ሴት ቱሉ ዲምቱ ቤት ደርሷታል፣ ሥራዋ ፒያሳ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ለገሐር፣ ከለገሐር ፒያሳ። ለአንድ ጉዞ 40 ብር ትከፍላለች እንበል። ደርሶ መልስ 80፣ በወር 26 የሥራ ቀን ሲባዛ 2,080 ብር። ደመወዟ 8,000 ብር ቢሆን ከሩቡ በላይ ታክሲ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጊዜውም ዋጋ አለው። ለመሄድ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ 1 ሰዓት ተኩል፤ በወር 78 ሰዓት ይሆናል። ደመወዟን በወሩ 208 የሥራ ሰዓት ብናካፍል ሰዓቷ 38 ብር ተኩል ገደማ ያወጣል። የጉዞን ጊዜ በሙሉ ደመወዝ መተመን ያጋንናልና አጥኚዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ አድርገው ያሰላሉ። ግማሹን እንውሰድ። 78 ሰዓት ወደ 1,500 ብር ይመጣል። ከታክሲው ጋር ሲደመር 3,580።

ይህችው ሴት መሀል ከተማ ብትኖርስ? ለአንድ ጉዞ 10 ብርና ግማሽ ሰዓት እንበል። በወር 520 ብር ለታክሲ፣ 500 ብር ለጊዜ፤ ጠቅላላ 1,020። ልዩነቱ 2,560 ብር ነው። ባሏም መሀል ከተማ የሚሠራና ስሌቱ ተመሳሳይ ከሆነ ለቤተሰቡ 5,120 ይሆናል።

እንግዲህ ውሳኔው ከዚህ ይነሳል። ሁለት ሠራተኛ ያለበት ቤተሰብ ቱሉ ዲምቱ የሚገባው የዚያ ቤት ኪራይ መሀል ካለው ተመሳሳይ ቤት ቢያንስ በ5,120 ብር ካነሰ ነው። ልዩነቱ ከዚያ ካነሰ የራሱን ቤት አከራይቶ መሀል ላይ ተከራይቶ መኖር ያዋጣዋል። የቤት ባለቤት ሆኖ ተከራይ መሆን ሰውን ግራ ያጋባል፤ ዘመድ «ቤት እያለህ?» ይላል። ሒሳቡ ግን ልክ ነው።

ጡረተኛ ባልና ሚስት ጋ ስንመጣ መልሱ ይገለበጣል። በየቀኑ የሚሄዱበት የለም። የመንገድ ወጪያቸው ዜሮ ባይሆንም ቅርብ ነው። ለእነሱ ዳር ያለው ቤት ሰፊና ጸጥ ያለ ቤት ነው። የራሱ መኪና ያለው ሰውም፣ እዚያው ሳይት ሥር ሱቅ የከፈተውም፣ ቃሊቲና አቃቂ ፋብሪካ የሚሠራውም የየራሱ ስሌት አለው። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለለት። ጠዋትና ማታ በነፃ ስለሚመላለስ ከላይ ካሰላነው 2,080 ብር አይከፍልም፤ የሚቀርበት ጊዜው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ደረጃ እየወጡ፣ እኩል ርቀት እየተጓዙ፣ አንዱ በወር 2,000 ብር ያወጣል፣ ሌላው ምንም። ሁሉንም ተጓዥ በአንድ አማካይ የሚደመስስ ሞዴል ይህን አያየውም። ኮዬ ፈጬ ማን ገባ፣ ማን አከራየ የሚለው የሚለየው ግን እዚሁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ የታክሲን ነገር ጠበቅ አድርጌ ማንሳት እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሞዴል የሚሰናከልበት ቦታ ስለሆነ። የመንግሥት ታሪፍ በኪሎ ሜትር የተሠራ ነው። አጥኚው ካርታ ላይ ርቀት ለክቶ፣ ታሪፉን አባዝቶ ወጪውን አገኘሁ ይላል። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ለገሐር ሂድና ቁም። ሰልፉ አስፋልቱን ተከትሎ ታጥፏል። ሚኒባስ ሲመጣ ታፔላው «ቃሊቲ» ይላል። ረዳቱ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሳሪስ! ሳሪስ ብቻ!» ይጮኻል። መንገዱን ቆርጦ መጫኑ ነው። ሳሪስ ላይ ያወርድሃል፤ እዚያ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ታክሲ፣ ሌላ ሒሳብ። ርቀቱ አልጨመረም፣ የከፈልከው ግን የሁለት አጭር መንገድ ታሪፍ ነው፤ እሱም ከአንዱ ረጅም ይበልጣል። ሾፌሩ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ አጭር መንገድ እየተመላለሰ ብዙ ሰው ይጭናል። ግን በታሪፍ የተሠራ ሞዴል የዳር ነዋሪውን ወጪ የሚያሳንሰው ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው።

ሌላው አማካይ የሚባለው ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት ፊርማ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። መንገዱ አንድ ቀን 1 ሰዓት፣ ሌላ ቀን 2 ሰዓት ከፈጀ የቱሉ ዲምቱ ሰው የሚነሳው ለ1 ሰዓቱ ሳይሆን ለ2 ሰዓቱ ነው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ ላይ ነው። ጥሩ ቀን ከሆነ ቀድሞ ደርሶ ጥበቃው ጋ ቆሞ በር እስኪከፈት ይጠብቃል። ያ ጊዜ በየትኛውም የጉዞ መጠይቅ ላይ «መንገድ» ተብሎ አይመዘገብም። ወጪ ነው ግን።

መንገድ ስንል ደግሞ መኪና ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ከግማሽ የሚበልጠው ጉዞ በእግር ነው። ድሀ የመንገድ ወጪውን የሚቀንሰው ቅርብ በመኖር ነው፤ በእግር በ1 ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለህ፣ የድሀው ከተማ ስፋት ያ ነው። የቀበሌ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ግን መርካቶ በእግር ይደረሳል። ያን ሰው 20 ኪሎ ሜትር ስታርቀው ርቀቱን ብቻ አልጨመርክበትም። በእግር ይሄድ የነበረውን በብር እንዲሄድ አደረግከው። የመንገድ ወጪው ቀስ እያለ አይወጣም፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል። ብሩ በየቀኑ በጥሬ መገኘት አለበት፣ ታክሲ ዱቤ የለውም።

ጉሊት የምትቸረችር ወይም እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ ሴት ጉዳይ ከዚህም ይለያል። እሷ ወደ ሥራ አትሄድም፤ ሥራዋ ሰፈሯ ነው። ደንበኞቿ ቀርተው እሷ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትገባ የታክሲ ወጪዋ ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል። ገቢዋስ? ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች መሀል ሰፈሮች ተነስተው ዳር የገቡ ቤተሰቦችን በመንገድ ወጪ ብቻ መለካት ያልሆነ መልስ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሜዳ ላይ ምን ታየ? የኢኮኖሚ ተመራማሪው ሳይመን ፍራንክሊን ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ተመዝጋቢዎች አነጻጽሯል። ዕጣ ስለሆነ ሁለቱ ቡድኖች ከዕድል በቀር አይለያዩም። ከአሸናፊዎቹ ብዙዎቹ ቤቱ ውስጥ አልገቡም፤ አከራዩት። ይህ ከላይ ካሰላነው ጋር ይገጥማል። አስገራሚው ሌላው ውጤት ነው። ዳር ቢወጡም የአሸናፊ ቤተሰቦች ሥራና ገቢ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። የቤታቸው ጥራት ተሻሽሏል፣ ከጎረቤት ጋር የነበራቸው ትስስር ላልቷል፤ ሥራቸው ግን እንደነበረ ነው።

ይህን ውጤት ይዞ «ርቀት ጉዳት የለውም» ማለት ፈጥኖ መደምደም ነው። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ርቀቱ ሊጎዳው የሚችለው ሰው ቀድሞውኑ አልገባም። የገባው ደግሞ ሥራውን ላለመልቀቅ ሌሊት ይነሳል፤ ገቢው ሳይነካ እንቅልፉ ተነካ። ለአከራዩ ሰው ዕጣው ከቤት ይልቅ የወር ገቢ ሆነለት። ኮንዶሚኒየምን በቤት ፕሮግራምነቱ ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን እንደ ውድቀት ያየዋል። ለቤተሰቡ ግን ኪራዩ ልጅ ያስተምራል።

ፍራንክሊን ቀደም ብሎ ያደረገው ሌላ ሙከራም እዚህ ይጠቅመናል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው። ከመሀል ርቀው የሚኖሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች መሀል ከተማ መጥተው የሚወስዱት የታክሲ ብር ተሰጣቸው። አራት ኪሎ የተለጠፉ ማስታወቂያዎችን፣ በሳንቲም ተከራይቶ የሚነበብ ጋዜጣን የሚያውቅ ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል። ሥራ መፈለግ ራሱ ወጪ ነው፣ ብር ያለቀበት ሰው መፈለጉን ያቆማል። ብሩን ያገኙት ከወራት በኋላ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨምሮ ተገኘ። ሌላ ሰፋ ያለ ጥናት ግን ለአንዳንድ ወጣቶች የታክሲ ብር፣ ለሌሎች ሥልጠና ሰጥቶ ከ4 ዓመት በኋላ ሲያያቸው የታክሲው ብር ውጤት ደብዝዟል። በገቢ ላይ ዘልቆ የታየው፣ ችሎታቸውን ለአሠሪ እንዴት እንደሚያሳዩ የተሰጣቸው ሥልጠና ነው። ስለዚህ ርቀት ዋጋ አለው፤ የችግሩ ሁሉ ቁልፍ ግን አይደለም።

ባቡሩስ? ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ሲጀምር ትልቅ ተስፋ ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። ዋጋው ሲጀመር 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ካርታውን ከኮንዶሚኒየሞቹ ካርታ ላይ ብታስቀምጠው ግን ትገረማለህ። በምሥራቅ አያት ላይ ይቆማል፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ከዚያ ማዶ ናቸው። በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያልቃል፣ ቱሉ ዲምቱ ገና ይቀረዋል። በምዕራብ ጦር ኃይሎች ነው መጨረሻው፣ ጀሞ በሌላ አቅጣጫ ነው። አያትና ሲኤምሲ አካባቢ ያለው ቀናው። ሌላው ዳር ነዋሪ ባቡሩ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ታክሲ መያዝ አለበት። ሁለት ግዙፍ ፕሮጀክቶች በአንድ ዘመን ጎን ለጎን ሲሠሩ አንዱ ሌላውን ሳያይ ማለፉ ለእኔ ከሁሉ የሚያናድደው ነው። ከ41ዱ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት ከግማሽ በታች ብቻ የሚሠሩበት ጊዜ ሲመጣ ደግሞ የጥበቃ ሰዓቱ ጨመረ። በሞዴል ቋንቋ ዋጋው 6 ብር ሆኖ ሳለ ወጪው ወጣ።

ባቡር ቢደርስስ ተጠቃሚው ማን ነው? የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ትራንስሚሌኒዮ የተባለውን የአውቶቡስ መስመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 ስትከፍት ይኸው ጥያቄ ተነሳ፤ ኒክ ጺቫኒዲስ የተባለ ተመራማሪ በአዲሶቹ የቦታ ሞዴሎች አስልቶታል። እነዚህ ሞዴሎች እንደ አሎንሶ አንድ መሀል አያስቡም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ሥራ፣ የራሱ ነዋሪና የራሱ ኪራይ አለው። መንገድ ሲፈጥን ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ጣቢያ አጠገብ ኪራይ ይወጣል። ከተሳፋሪው የተቆጠበው ጊዜ በከፊል ለቤት ባለቤቱ ይሄዳል። ወደ ቱሉ ዲምቱ አምጥተን ስናየው ዛሬ እዚያ በርካሽ የተከራየ ሰው ፈጣን መንገድ ሲመጣለት ኪራዩም አብሮ ይመጣበታል። ባለ ዕጣው ግን ሁለት ጊዜ ደረሰው።

ይህን ስሌት በአዲስ አበባ መረጃ መሥራት ለሚፈልግ አንድ ሁለት ነገር ልንገር። ቤቶቹ ሲተላለፉ የውስጥ ሥራቸው ያላለቀ ነው። ሴራሚኩን፣ ካቢኔቱን ባለቤቱ ነው የሚያሟላው፤ ስለዚህ የኪራይ ልዩነትን ሁሉ ለቦታ መስጠት አይቻልም። በአንድ ሳይት ውስጥ እንኳ አንደኛ ፎቅና አራተኛ ፎቅ አይተካከሉም፣ በተለይ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ሲሆን። ባለ ሁለት መኝታን ከባለ ሁለት መኝታ፣ ያለቀለትን ካለቀለት፣ ፎቁን ከፎቁ ማነጻጸር ግድ ነው። ከዚያ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን አድርጓል፣ ጭማሪውንም ገድቧል። ከዚያ ወዲህ ነባር ተከራይ የሚከፍለው ዋጋ የድሮ ውል ዋጋ ነው፣ የታክሲ ሒሳብ ግን በየጊዜው ይጨምራል። ሁለቱ አብረው ስለማይሄዱ የርቀትን ዋጋ ከኪራይ ለማውጣት የሚሻለው አዲስ የተፈረሙ ውሎችን ብቻ መርጦ መውሰድ ነው።